ከኩላሊት ወደ መቅኔ

የያዙኝ በአንድ ገጽ ወረቀት ነው።

በባሕር ዳር የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነበርሁ። ስለ ደም የምናስተምረው ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ስለነበረ ልጆቹ ይሸመድዱታል እንጂ አይገባቸውም። አንድ ቅዳሜ ተቀምጬ በአማርኛ አዘጋጀሁትና በስቴንስል አባዛሁት። ላይኛው ክብ ውስጥ «ኩላሊት» ብዬ ጻፍሁ፤ ታችኛው ክብ ውስጥ «መቅኔ»። በሁለቱ መካከል ቀስት አሰመርሁና «መልእክተኛ» አልሁት። ከመቅኔው ብዙ ትንንሽ ቀስቶች አወጣሁና ጫፋቸው ላይ «አዳዲስ ቀይ ሕዋሳት» ብዬ ሰየምሁ። ከግርጌው ያለው ማብራሪያ እንዲህ ይል ነበር፦ «ኦክስጅን ሲያንስ ኩላሊት ይሰማዋል። መልእክተኛውን በደም መንገድ ይልካል። መቅኔም ትእዛዙ ሲደርሰው ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል።»

ሕዋስ የሚለው ቃል በዚያን ጊዜ ሌላም ትርጉም ነበረው። በስውር የሚደራጁ ወጣቶች አምስት ስድስት እየሆኑ የሚሰባሰቡበት ቡድን ሕዋስ ይባላል። ማባዣ የነካ ሰው ሁሉ ደግሞ ወረቀት በታኝ ነው። ይህን አላሰብሁም ብል የሚያምነኝ የለም። ግን አላሰብሁም። ሐሳቤ ሁሉ ልጆቹ ለፈተና እንዲደርሱ ነበር።

ሰኞ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክፍል ገቡ። አንደኛው «ጠመኔውን አስቀምጥ» አለኝ። አስቀመጥሁ። ተማሪዎቹ መምህር ሲወጣ እንደሚያደርጉት ብድግ አሉ። «ማን ተነሡ አላችሁ?» ብሎ ጮኸባቸው። ተቀመጡ። ከመካከላቸው አንዷ ብቻ እስክወጣ ድረስ ቆማ ቀረች።

መርማሪው በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነበር። ወረቀቴን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእርሳስ ጫፍ ክቦቹን እየነካ ጠየቀኝ።

«ኩላሊት ማነው?»

«ኩላሊት ነው» አልሁ።

«መልእክተኛውስ?»

«ሆርሞን ነው። ከኩላሊት ይወጣል፣ በደም ተጉዞ አጥንት ውስጥ ይደርሳል፣ መቅኔው ደም እንዲሠራ ያዝዘዋል።»

 ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አውቃለሁ መምህር» አለኝ። «እኔም ወደዚህ ከመዛወሬ በፊት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ግን አንዱ ቅጂ ወደ ላይ ተልኳል። አሁን ኩላሊት ነው ብዬ ልመልሰው አልችልም።»

ከተናገሩኝ ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኸኛው ነው። ባያውቅ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ከቆላ ድባ ገበያ የሚገዛ ጤፍና ሽምብራ ከጎርጎራ በጀልባ ተሻግሮ እዚያ ይከማች ነበር ይባላል። የወለሉ ስንጥቅ ውስጥ አሁንም ሽምብራ አለ። ነቀዝ የበላው፣ ሲነኩት ዱቄት የሚሆን። ሐይቁ ከግድግዳው ማዶ ነው። አይታይም፤ ደንገሉና ዓሣው ግን ይሸታል። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል። ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በእኔ ሃያ አራት ሆንን።

ቦታ የሰጡኝ ከአንድ ሽማግሌ አጠገብ ነው። ሁሉም «የኔታ» ይሏቸዋል። ከጣና ደሴቶች በአንደኛው ገዳም ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚገለብጡ። ሁለት ወጣቶች በታንኳ መጥተው ደጃቸው ላይ ወደቁ። አበሏቸው፣ ሁለት ቀን አሳደሯቸው፣ ልጆቹም ሄዱ። በሳምንቱ እሳቸው ተያዙ።

«እነማን ነበሩ የኔታ?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ርቧቸው ነበር። ስማቸው ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። ለመርማሪውም የመለሱለት ይህንኑ ነው።

የደበደቧቸው እኔ ከመግባቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ያን ጊዜ አብሯቸው የነበረ አንድ የፋብሪካ መካኒክ ነገረኝ። ውስጥ እግራቸውን፣ ጭናቸውን፣ ጀርባቸውን ነው የገረፏቸው። በማግስቱ ሽንታቸው እንደ ጠላ ጠቆረ። ከዚያ ለቀናት ጭራሽ አልመጣ አለ። ፊታቸው አበጠ። «አሁን ግን እብጠቱ ጎድሏል፣ እየዳኑ ነው» አለኝ መካኒኩ።

እኔ መዳኑን አላየሁም። የተቀጠቀጠ ሥጋ ውስጡ ያለው ነገር ወደ ደም ሲገባ ኩላሊትን እንደሚያንቀው አንብቤያለሁ። ከማንበብ ግን አልፌ አላውቅም ነበር። አሁን ተምሬ ያስተማርሁት ሁሉ አጠገቤ ተኝቶ ይተነፍሳል። በየጠዋቱ በተፈቀደልን አሥር ደቂቃ ፀሐይ ልናይ ስንወጣ የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ ዝቅ አድርጌ ውስጡን አያለሁ። መጀመሪያ ሐመር ሮዝ ነበረ። በወሩ እንደ ሰም ሆነ። መዳፋቸው ላይ ያሉት መስመሮች ነጡ። ከተኙበት እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆመው ይተነፍሳሉ። በዚያ ሙቀት ሌሎቻችን ሸሚዝ አውልቀን ስንቀመጥ እሳቸው ጋቢ ደርበው ይበርዳቸዋል።

በሳምንት አንድ ቀን ድሬሰር ይመጣል። ትሑት ሰው ነበር፤ ጥቁር ቦርሳውን ታቅፎ በር ላይ ይቆማል። የኔታን አየና «ደም ማነስ ነው» ብሎ የብረት ክኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። ለአምስት ሳምንት ሰጣቸው። ለአምስት ሳምንት ዋጡ። የዓይናቸው ቆብ ይበልጥ ነጣ።

«ይህ ክኒን አይጠቅመኝም መሰለኝ» አሉኝ አንድ ቀን። «አንተ የደም መምህር አይደለህም? እስቲ ንገረኝ።»

ነገርኋቸው። ያንኑ በስቴንስል ያባዛሁትን ትምህርት፣ የታሰርሁበትን፣ ቀስ እያልሁ ደገምሁላቸው። ደም የሚሠራው አጥንት ውስጥ ነው፣ ብረቱም ከምግብ ይገኛል፣ ነገር ግን መቅኔው በራሱ ብቻ አይበረታም፤ ሥራ የሚል መልእክት ከኩላሊት መምጣት አለበት። መልእክቱ ከቀረ ብረቱ ቢከመርም የሚነካው የለም አልኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «በእኛ ገዳም ደወሉ ድንጋይ ነው» አሉ። «መነኮሳቱ በየጎጇቸው ናቸው። ደዋዩ ካልደወለ፣ እህሉ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥም ወደ መብል ቤት ብቅ የሚል የለም። እንዲህ ነው የምትለኝ?»

«እንዲህ ነው የኔታ።»

«ክኒኑ እህሉ ነዋ።»

«አዎን።»

«ደዋዩስ ምን ሆነ?»

«ደዋዩን ነው የመቱት» አልሁ።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ይነሣ ይሆን?»

«አንዳንዴ ይነሣል።»

«አንዳንዴ» አሉና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ። ከዚያ ወዲያ ስለዚህ ነገር አልጠየቁኝም። ክኒኑን ግን መዋጥ አቆሙ። ለመካኒኩ ሰጡት፤ እሱ ብዙ ደም አፍስሶ የነበረ ሰው ነው። «የአንተ ደዋይ ጤነኛ ነው፣ አንተ ብላው» አሉት። እውነትም እሱን ጠቀመው።

ልነግራችሁ የተነሣሁት ቀን ሐሙስ ነበር። ድሬሰሩ መጥቶ የኔታ መቀመጥ እንዳቃታቸው አየ። ወደ ውጭ ጠራኝ።

«መምህር፣ ይህ ሰው ሆስፒታል ገብቶ ደም ካልተሰጠው ሳምንቱን አይዘልቅም። እኔ ብናገር አይሰሙኝም። አንተ አመልክት።»

አመለከትሁ። መርማሪው ዘንድ ወሰዱኝ። ሳይቆጣ ሰማኝ። ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አወጣና ወደ እኔ ገፋው።

«ጻፍ» አለኝ። «ሰውየው ከመታሰሩ በፊት ኩላሊቱን ይታመም ነበር። እዚህ ማንም አልነካውም። ይህን አምኖ ይፈርማል። አንተም በሙያህ መስክረህ ትፈርማለህ። ዛሬውኑ መኪና አዝዛለሁ።»

«ይታመሙ አልነበረም» አልሁ።

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ሆስፒታሉ ምን ብሎ ይቀበለው? አንተው ንገረኝ።»

ብዕሩን አነሣሁ። ብዙ አሰብሁ ብዬ ራሴን ባስጌጥ ደስ ባለኝ ነበር። ብዙ አላሰብሁም። የዓይናቸው ቆብ ንጣት ነበር የሚመጣብኝ። ያለኝን ጻፍሁለት፤ እንዲያውም አሳምሬ ጻፍሁለት። ኩላሊት ሲታመም ቀስ በቀስ ደም እንደሚያንስ፣ ይህም ከረጅም ጊዜ በፊት የጀመረ ሊሆን እንደሚችል፣ ከሳይንስ ጋር አስማምቼ ጻፍሁ። ተማሪ ቢጽፈው ሙሉ ማርክ የሚያሰጠው ውሸት ነበር። ከግርጌው ስሜን አስፍሬ ፈረምሁ።

የኔታን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። መርማሪው ወረቀቱን አቀበላቸውና «እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለ። «እርስዎ» ሲላቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አነበቡት። ጣታቸውን ከመስመር መስመር እየጎተቱ፣ እንደ ሙያቸው፣ ሳይቸኩሉ። እኔ ወለሉን አይ ነበር። ሲጨርሱ ተጣሩ፤ «ልጄ።»

«አቤት የኔታ።»

«ሕመም በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፍ። አንተ በሀሌታው ጽፈኸዋል።»

«ይቅርታ የኔታ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ሲጻፍ ፊደሉ እንኳ ይስተካከል» አሉ። ብዕሩን ተቀብለው ፊደሉን አረሙ።  ከዚያ ፊርማ በተባለው ቦታ ላይ ስማቸውን ጻፉ። ከስማቸው ቀጥሎ አንድ መስመር ጨመሩ። እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ያለ፣ አንገቱ ያልተሰበረ ጽሕፈት።

ልጅ ሳለሁ ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሜያለሁ። ከቆምሁበት ሆኜ አነበብሁት። «ዘበጡኒ በዝንቱ ቤት» ይላል። በዚህ ቤት ደበደቡኝ።

 መርማሪው ወረቀቱን ወሰደ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስሜና ያገኘኝ ነገር ነው» አሉ የኔታ።

«በአማርኛ አይጻፍም?»

«እኛ የምንፈርመው በግእዝ ነው።»

መርማሪው መስመሩን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተው። ገብቶት ይሁን ሳይገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። ማኅተሙን አንሥቶ ተነፈሰበትና ስማቸውም መስመሩም ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መታው። «መኪናው ይምጣ» አለ።

ከመጋዘኑ ደም እሰጣለሁ ያለው ሰው ብዙ ነበር። የበር ጠባቂው «ደማችሁ ተርፎ ኖሯል!» ብሎ ሳቀ። ድሬሰሩ ናሙና ወስዶ ሆስፒታል አስመርምሮ የእኔና የመካኒኩ ደም እንደሚስማማ ነገረን። በላንድሮቨር ጭነው ወሰዱን፤ የኔታ በእኛ መካከል ናቸው። መንገዱ ሐይቁን ተጠግቶ ያልፋል። ከአራት ወር በኋላ ውሃውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። የኔታም ቀና ብለው አዩት። ደሴታቸው ከዚያ አትታይም።

«ተቀየሙኝ የኔታ?» አልኋቸው ጠባቂው እንዳይሰማ።

«አንተ የጻፍኸው ለእኔ ብለህ ነው» አሉ። «እኔ የጻፍሁት ደግሞ ለራሴ ነው።»

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ጀርባቸውን ገልጦ አየ። ወረቀቱን አየ። ሸሚዛቸውን መልሶ አለበሳቸውና ነርሷን «ደም አምጪ» ብሎ አዘዘ።  ጠባቂው አጠገቡ ቆሞ ነበር።

የሰጠነው ደም ጠቀማቸው። በሦስተኛው ቀን ወደ መጋዘኑ ሲመለሱ ከንፈራቸው ቀልቶ ነበር። ከተኙበት እስከ በር ሳያርፉ ተራመዱ። መካኒኩ ደስታው ወሰን አጣ፤ «የእኔ ደም ነው የሚያስኬዳቸው» እያለ ይኩራራል። የኔታም «ከፋብሪካ የመጣ ስለሆነ እግሬን አላስቀምጥ አለኝ» ብለው ያስቁናል። ለሦስት ሳምንት ያህል ያ ቤት የሚሳቅበት ቤት ሆነ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን እቆጥር ነበር። የተሰጠ ደም ዕድሜው አጭር ነው፤ ያረጃል፤ የሚተካው ከመቅኔ መምጣት አለበት። መቅኔው ደግሞ የሚያዝዘው የለም።

በሁለተኛው ወር የዓይናቸው ቆብ እንደገና ነጣ። እንደገና አመለከትሁ። መርማሪው ተዛውሮ ነበር። አዲሱ ሰው ፋይሉን ገልጦ «አንድ ጊዜ ታክሟል ይላል» አለኝ። «ደም ቀለብ ነው እንዴ፣ ሁልጊዜ የምንሰፍርለት?» ሌላ ወረቀት ልጻፍ አልሁት። ይህንንም እፈርማለሁ፣ የፈለግኸውን እጽፋለሁ አልሁት። ከቢሮው አስወጣኝ።

የኔታ የሞቱት ጠዋት ነው፤ ፀሐይ ልንወጣ በር ሲከፈት። መካኒኩ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ልናነሣቸው ስንል ክንዳቸው ቀለለን። ጠባቂዎቹ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወሰዷቸው። የት እንደቀበሯቸው አልተነገረንም። ሃያ ሦስታችን እስኪወጡ ድረስ ቆመን ነበር። ማንም ተነሡ አላለንም፤ ማንም ተቀመጡ አላለንም።

እኔ ከሰባት ወር በኋላ ተፈታሁ። ምክንያቱን አልነገሩኝም። ደርግ ከወደቀ በኋላ ወደ ገዳሙ ሄጄ ያወቅሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ስለ ፈረምሁት ወረቀትም ጭምር። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ሰሙኝና፣ «የጀመሩት ወንጌል አለ፣ የሚጨርሰው አልተገኘም» አሉኝ። አወጡና አሳዩኝ። ዓረፍተ ነገሩ መካከሉ ላይ ይቆማል። 

አንዳንድ ጊዜ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። ያን ጊዜ ያ መልእክት በመርፌ የሚሰጥበት አገር በዓለም ላይ አልነበረም፤ ቢያክሟቸውም ይሞቱ ነበር እላለሁ። መጽናኛው አይቆይም። መርፌ ለምን ያስፈልጋቸዋል? ወደዚያ ቤት ሲገቡ ኩላሊታቸው ጤነኛ ነበር። እኔ ግን እንዳልነበረ በሙያዬ መስክሬያለሁ። ያ ወረቀት ካልተቃጠለ ዛሬም የሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቴ ኩላሊቷ ደከመ። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት አደርሳታለሁ። በመጀመሪያው ወር አንዲት ወጣት ነርስ ከማቀዝቀዣ ትንሽ መርፌ ይዛ መጣች።

«ምንድን ነው ልጄ?» አልኋት።

«ደም እንዲሠራ የሚያዝ ሆርሞን ነው አባባ። ኩላሊታቸው ስለማያመነጭ እኛ እንተካላቸዋለን።»

ስሙንም ነገረችኝ። አውቀዋለሁ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በሰሌዳ ላይ ስስለው፣ ከክብ ወደ ክብ ቀስት ሳሰምርለት ኖሬያለሁ። በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ አሳዪኝ አልኋት። ሰጠችኝ። በመስኮቱ ብርሃን ይዤ አየሁት። ከጥፍሬ የማይበልጥ ፈሳሽ ነው፤ እንደ ውሃ የጠራ።

ብዙ ሳልቆይባት አልቀረሁም። «ምነው አባባ?» አለችኝ።

«ቀይ ይመስለኝ ነበር» አልኋት።

ፈገግ ብላ መርፌውን ተቀበለችኝና የእህቴን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረች።